ኮፍያህን አውልቀህ ንገረው

እቴቴ ኢትዮጵያ ውስጥ መምህርት ነበረች። በኋላም የክላስተር ሱፐርቫይዘር ሆና ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞረች የሌሎችን መምህራን ክፍለ ጊዜ ስትመለከት ኖራ ጡረታ ወጣች። አሁን የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከእህቷ ቤት ነው። ማሙሽ የእህቷ ልጅ ነው። ደህና ስም አለው፤ ኮሌጅ ገብቶም ቢሆን ቤት ውስጥ ግን ማሙሽ ነው። ቀን ይማራል፣ ማታ ፖሊስ ነው። ፖሊስነቱ በ2013 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በወጣው ግራንድ ቴፍት አውቶ 5 ውስጥ፣ ሎስ ሳንቶስ በምትባል የፈጠራ ከተማ ነው። ፋይቭኤም በሚባል ፕሮግራም ሰዎች የራሳቸውን ሰርቨር ይከፍቱና አንዱ ፖሊስ፣ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ መካኒክ፣ ሌላው ወንበዴ ሆኖ በድምፅ ይጫወታሉ። አሸናፊ የለም። ሁሉም የያዘውን ሰው ሆኖ ያመሻል። ማሙሽ ያለበት ማኅበረሰብ አዲስ ገቢውን መንገድ ላይ ከመልቀቁ በፊት ያሠለጥናል። አሠልጣኞቹ አምስት ሳንቲም አይከፈላቸውም፤ የእነሱ ኃላፊ ደግሞ እሱ ነው።

እቴቴ፦ ከሥሩ አስረዳኝ እንግዲህ። የውሸት ፖሊስ ለመሆን ሥልጠና ምን ያደርጋል? ሰፈር ውስጥ ሌባና ፖሊስ ስንጫወት ያሠለጠነን ሰው የለም።

ማሙሽ፦ እሱ ላይ እኮ ሌባው ሲያዝ ያልቃል። እኛ ጋ አንድ መኪና ለማስቆም ብቻ ስንት ነገር አለ። ታርጋውንና ያለህበትን ቦታ በሬዲዮ ትናገራለህ፣ መኪናህን በትክክል ታቆማለህ፣ ሹፌሩን ታናግራለህ። ከያዝከው ደግሞ ዝም የማለት መብት እንዳለው ትነግረዋለህ። በ1966 በሚራንዳ ጉዳይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከወሰነ በኋላ የመጣችውን ንግግር ቃል በቃል ነው የምናስጠናው። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው።

እቴቴ፦ ምን?

ማሙሽ፦ አንተ የምታውቀውንና ካራክተርህ የሚያውቀውን መለየት። ጓደኛህ ከጨዋታው ውጭ በምናወራበት በዲስኮርድ «ዛሬ ባንክ ልንዘርፍ ነው» ቢልህ፣ አንተ ሰማህ፣ ፖሊሱ ግን አልሰማም። እንደሰማ አድርገህ ባንኩ በር ላይ ብትጠብቃቸው ሜታጌሚንግ ነው፣ ትልቁ ጥፋት። ሌላው ደግሞ ያኛው ሰው መልስ መስጫ እንዳያገኝ አድርጎ ነገሩን መጨረስ ነው። በድምፅ የማይባለውን ድርጊት ስትጽፍ «ካቴና አሰርኩት» ብለህ አትጽፍም። «ሊያስረው እጁን ያዘ» ብለህ ትጽፍና የሚያደርገውን ትጠብቃለህ።

እቴቴ፦ ይሄንን ትዕግሥት ከእውነተኞቹም ባየነው። ታዲያ እንዴት ነው የምታስተምሩት? ክፍል አላችሁ?

ማሙሽ፦ ትንሽ ንድፈ ሐሳብ አለ፣ ቀሪው መንገድ ላይ ነው። አሠልጣኙ ሠልጣኙን፣ ካዴት የምንለውን፣ ይዞ በአንድ መኪና ይዞራል። የቀዳነው ከእውነተኛው ፖሊስ ነው። በ1970 ሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ፖሊስ በሥራ ላይ ሲነዳ ሰው የሞተበት የመኪና አደጋ ደረሰ። ከተማው «እንዲህ ያለው ሰው እንዴት አለፈ?» ብሎ መዝገቡን ቢያገላብጥ ሥልጠናው ላይ ተከታትሎ የጻፈ ሰው እንደሌለ አየ። ከዚያ በ1972 እያንዳንዱን አዲስ ፖሊስ ልምድ ካለው ጋር አጣምሮ በየቀኑ የሚጻፍ የምልከታ ሪፖርት አመጣ። ነጥቡ ከ1 እስከ 7 ነው። ብዙ የአሜሪካ ፖሊስ መምሪያዎች ተቀበሉት፣ ከእነሱ ደግሞ የእኛ ዓይነት ሰርቨሮች።

እቴቴ፦ እና አንድ አሠልጣኝ 5 ሲሰጥ፣ ያ 5 ምን ማለት ነው?

ማሙሽ፦ ደህና ነው ማለት ነው።

እቴቴ፦ ማን አለ?

ማሙሽ፦ ዋናው የሳን ሆዜ ቅጽ ላይ መመሪያ አለው። ለእያንዳንዱ ነገር 1 ምን እንደሚመስል፣ 4 ምን እንደሚመስል፣ 7 ምን እንደሚመስል በቃል ተጽፏል። ለምሳሌ ሬዲዮ ላይ 1 ማለት የሚጠሩትን አይሰማም፣ የሚናገረው አይገባም፣ እንዲህ እንዲህ እያለ። 4 ለሥራ ይበቃል ማለት ነው። ሰርቨሩ ሲከፈት የነበሩት ሰዎች ቁጥሩን ወሰዱ፣ መመሪያው ረጅም ስለሆነ ተዉት።

እቴቴ፦ እኛም ሱፐርቪዥን ላይ ከዚህ የባሰ አድርገናል። ወረቀቱ ላይ «የትምህርት መርጃ መሣሪያ ተጠቅሟል፤ አዎ፣ አይደለም» ይላል። መምህሩ የእኔን መምጣት ሲሰማ ካርታ ይሰቅላል። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ የአፍሪካ ካርታ ተሰቅሎ ያየሁበት ቀን አለ። አዎ ላይ ምልክት አደረግሁ፣ ምን ላድርግ፣ ተሰቅሏል እኮ! በል ወደ ጉዳይህ። ያስቸገረህ የሠልጣኞቹ ነው የአሠልጣኞቹ?

ማሙሽ፦ የአሠልጣኞቹ። ሠልጣኙ ሲጨርስ ለአሠልጣኙ ከአምስት ኮከብ ይሰጣል፣ ከታች አስተያየት መጻፊያ አለ፣ ስም አይጻፍም። ሠልጣኙ እንደላከው ቦት በቀጥታ ለአሠልጣኙ ያደርሰዋል።

እቴቴ፦ እንደ ኡበር።

ማሙሽ፦ እንደ ኡበር። አንድ በጣም ጎበዝ አሠልጣኝ ነበረን። ካራክተሩ ጡረታ ሊወጣ የደረሰ ቁጡ ሳጅን ነው፤ እያጉረመረመ፣ ቡናው ቀዘቀዘ ብሎ እየተሳደበ የሚያስተምር። ሰዎች ከእሱ ጋር ለመሠልጠን ተራ ይጠብቁ ነበር። አንድ ማታ ሁለት ኮከብና «ትዕቢተኛ ነው፣ ሰው አያከብርም» የሚል ደረሰው። በሳምንቱ ለቀቀ።

እቴቴ፦ ማን ነው ትዕቢተኛው? ሳጅኑ ነው ወይስ ሳጅኑን የሚጫወተው ሰው?

ማሙሽ፦ እሱን ነው እኔም ያልገባኝ። ጻፊው ማን እንደሆነ ስለማላውቅ መጠየቅ አልቻልኩም።

እቴቴ፦ ብትጠይቀውም የሚያውቅ አይመስለኝም። ቴሌቪዥን ላይ ክፉ ሰው ሆኖ የሠራ ተዋናይ ታክሲ ውስጥ ሲሰደብ በዓይኔ አይቻለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ጠና ያሉ ሴትዮ ናቸው፣ «አንተ አረመኔ» እያሉ። ቁጭ ብሎ የሚያየው ሰው እንኳ እንደዚያ ከተደበላለቀበት፣ አብሮ መኪና ውስጥ የሚሰደበው ሠልጣኝ እንዴት ይለየዋል? ለዚያውም ፈተናውን የሚፈርምለት ያው ሳጅን ነው።

ማሙሽ፦ ደንብ እኮ አለን። ሥልጠናው ሲያልቅ ከካራክተር ወጥቶ ዐሥር ደቂቃ መነጋገር ግዴታ ነው።

እቴቴ፦ የት ሆነው ነው የሚነጋገሩት?

ማሙሽ፦ … ብዙ ጊዜ እዚያው መኪናው ውስጥ። ድምፁንም አይቀይሩትም። ሳጅኑ እንደ ሳጅን እያወራ «አሁን ከጨዋታ ውጭ ነን» ይላል።

እቴቴ፦ ይልበስና «አልለበስኩም» ይበል! ከጨዋታ መውጣት በመናገር አይሆንም። መኪናዋን ያቁም፣ ጨዋታውን ይዝጋ፣ ወደዚያ ወደምታወሩበት ወደ ዲስኮርድ ክፍላችሁ ይምጣ፣ በገዛ ድምፁ በገዛ ስሙ ሰላም ይበል። ልጁም ዋናው ሰውዬ እንዲህ ለስላሳ መሆኑን ሲሰማ ግማሹ ቂም እዚያው ይበናል።

ማሙሽ፦ ይሄ ለሠልጣኙ ነው። እኔ ለአሠልጣኙ የምሰጠው ላይ ግን ከዚህ የባሰ ነገር አለ፤ አሁን ስታወሪ ነው የታየኝ። እኔ በጨዋታው ውስጥ ኮማንደር ነኝ። አንድ አሠልጣኝ ላይ የምለው ሲኖረኝ በጨዋታው ቢሮዬ አስጠራዋለሁ። ይገባል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እናገራለሁ፣ «እሺ ጌታዬ» ብሎ ይወጣል።

እቴቴ፦ ምን እንዲል ፈልገህ ነበር?

ማሙሽ፦ «አይ፣ ተሳስተሃል፣ ያን ቀን ሠልጣኙ ማይክሮፎኑ ተበላሽቶ ነው» እንዲለኝ።

እቴቴ፦ ኮንስታብል ለኮማንደር እንደዚያ ይላል?

ማሙሽ፦ ካራክተሩ አይልም። ጥሩ ተጫዋች ከሆነማ ጭራሽ አይልም።

እቴቴ፦ እንግዲህ የሰጠኸው አስተያየት አልደረሰም። የደረሰህ ትወና ነው። ጎበዝ ስለሆነ አሳምሮ ሠራልህ፣ አንተም ተማረ ብለህ ሄድክ። ለመሆኑ ያ አሠልጣኝ ዕድሜው ስንት ነው?

ማሙሽ፦ የእሱ? ወደ አርባው ይጠጋል መሰለኝ፣ ልጆች አሉት። አንዳንዴ ከጀርባ ሲያለቅሱ ይሰማል።

እቴቴ፦ አየህ፣ አንተ ሃያ ምናምንህ ነው። እሱ ልጆቹን አስተኝቶ፣ በነፃ፣ ሰው ሊያስተምር ይመጣል፣ አንተ ቀጥ አድርገህ አቁመህ ትገመግመዋለህ። ጨዋታው ውስጥ የለበስከው ማዕረግ ከጨዋታው ውጭ ያለውን ሥራህን እየሠራልህ ነው። ኮፍያህን አውልቀህ ንገረው። በስሙ ጥራው፣ የሚመቸውን ሰዓት ጠይቀው።

ማሙሽ፦ እሺ፣ ተቀብያለሁ። ኮከቡስ ምን አደረገሽ? ፊትሽን ስታኮማትሪ አይቻለሁ።

እቴቴ፦ ሁለት ኮከብ ያገኘ ሰው ነገ ምን ቀይሮ ይምጣ? ጠላኝ ከማለት በቀር ምን ያነብበታል?

ማሙሽ፦ ሳይኮሎጂ ክፍል ያነበብነው አንድ ጥናት አለ። ክሉገርና ዴኒሲ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1996 ያሳተሙት ነው። ስለ ግብረ መልስ የተሠሩ የድሮ ጥናቶችን ሰብስበው 607 ውጤቶችን፣ ከ23 ሺህ በላይ ምልከታዎችን አንድ ላይ መረመሩ። በአማካይ ግብረ መልስ ሥራን ያሻሽላል። ግን ከሦስት እጁ አንድ በላይ የሚሆነው ላይ ሥራውን አበላሽቶታል።

እቴቴ፦ ዝም ቢሉት ይሻል ነበር ማለት ነው?

ማሙሽ፦ ለእነዚያ አዎ። ማብራሪያቸው፣ አስተያየቱ የሰውየውን ልብ ከሥራው አንሥቶ ወደ ራሱ ሲያዞረው ነው ይላሉ። «እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» ማሰብ ሲጀምር ሥራው ይቀራል። ደግሞ ነቀፋ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ውዳሴም እንደዚያው ነው።

እቴቴ፦ ይሄን ማጥናት ያስፈልገዋል? ደግ ነው፣ ጥናቱ ይኑር። በ1971 በእኛ አቆጣጠር፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። የኛ ዕድሜ ልጆች ገጠር ወርደን ትልልቅ ሰዎችን ፊደል አስቆጠርን። አብራኝ የነበረች አንዲት ልጅ ድምፅዋ መልካም፣ ጽሕፈቷ መልካም፣ ግን ገበሬዎቹ አልያዝ አላቸው። አንድ ሽማግሌ ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «ልጄ፣ ስትጽፊ ሰሌዳው ፊት ትቆሚያለሽ፤ ፈቀቅ በይልን»። በቃ። ጎበዝ ነሽ የለ፣ ሰነፍ ነሽ የለ። ፈቀቅ አለች፣ ታየ።

ማሙሽ፦ ግን እሳቸው እኮ በስማቸው፣ ፊት ለፊት ነው የተናገሩት። የኔ ሠልጣኞች አሠልጣኙ ይጥለናል ብለው ይፈራሉ። ስም አጥፍቼ ካልጠየቅኋቸው አምስት ኮከብ ይሰጡና ይሄዳሉ። እዚህ ላይ አትረቺኝም።

እቴቴ፦ አልረታህም፣ እውነት ነው። የሚፈርምለትን ሰው ማን በስሙ ይነቅፋል። ግን ስም የለሹም ቢሆን መቼ ነው የሚሞላው? እንዳለፈ ወይ እንደወደቀ፣ ያን ደቂቃ! የወደቀው ይናደዳል፣ ያለፈው ጮቤ ይረግጣል። ኪርክፓትሪክ የሚባል አሜሪካዊ አለ፤ ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ስንሰጥ እሱን ነበር የምናነብበው። ከ1959 ጀምሮ የጻፈው ነው፤ ሥልጠና በአራት ደረጃ ይመዘናል ይላል። መጀመሪያ ሠልጣኙ ወደደው ወይ፣ ሁለተኛ ተማረ ወይ፣ ሦስተኛ ሥራው ላይ ሲመለስ አደረገው ወይ፣ አራተኛ ለመሥሪያ ቤቱ ምን አመጣ። የአንተ ኮከብ የመጀመሪያዋ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች።

ማሙሽ፦ እና ከወር በኋላ ልጠይቀው?

እቴቴ፦ ለምን ወር? ሁለት ሳምንት መንገድ ላይ ከዞረ በኋላ «ብቻህን ስትወጣ ያልተነገረህ ምን ገጠመህ?» በለው። ያን ጊዜ የሚፈራው ፊርማ የለም፣ ስሙንም አይደብቅ። ከፈለገ ይደብቅ። መልሱ ግን ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ ሥልጠናው ነው የሚሆነው።

ማሙሽ፦ ይገርምሻል፣ ከአሠልጣኞቹ ሁለቱን ምን ዓይነት አስተያየት እንደሚፈልጉ ጠይቄያቸው ነበር። ሁለቱም «ያሠለጠንኩት ልጅ የት ደረሰ?» ነው ያሉኝ። አንዱማ፣ ልጁ ካለፈ በኋላ ወደ ሌላ ክፍለ ጊዜ ይመደብና ደግሞ አያገኘውም።

እቴቴ፦ እና ንገራቸዋ! ከዚህ የበለጠ ምን አስተያየት አለ? «ያ ያንቀጠቅጠው የነበረው ልጅ ትናንት ብቻውን መኪና አስቁሞ ሹፌሩ ሲጮኽበት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨረሰው።» ይሄ ምስጋናም ነው፣ ምዘናም ነው። «ሬዲዮ ላይ ግን አሁንም ቦታውን ይረሳል» ብትልም አይከፋውም። ስለ ልጁ ነው የምታወሩት። አርባ ዓመት አስተምሬ አንድም ሱፐርቫይዘር የድሮ ተማሪዬን ወሬ አምጥቶልኝ አያውቅም። እኔም ለማንም አላመጣሁም፤ የሚሞላበት ሣጥን ወረቀቱ ላይ አልነበረማ።

ማሙሽ፦ ሌላ ያሰብኩት ነበር። በወር አንዴ አሠልጣኞቹን ሁሉ ሰብስቤ፣ ግልጽ በሆነ መንገድ፣ እያንዳንዱ ራሱን እንዲገመግም፣ ከዚያ ሌሎቹ በእሱ ላይ…

እቴቴ፦ ተው!

ማሙሽ፦ ሳልጨርስ?

እቴቴ፦ አትጨርስ። እኔ ግምገማ ያለፈበት ትውልድ ነኝ። በእኛ አቆጣጠር ከ1983 በኋላ መሥሪያ ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሂስና ግለ ሂስ ነበር። ትነሣለህ፣ ራስህን ትሄሳለህ። አነስ ያደረግህ እንደሆነ «ደብቋል» ትባላለህ፣ አብዝተህ የተናገርክ እንደሆነ የተናገርከው ይያዝብሃል። ከዚያ የሻይ ጓደኛህ ይነሣና ስለ አንተ ይናገራል፤ ካልተናገረ የሱ ተራ ሲደርስ ይብስበታል። ሰው ምን ተማረ? ቀድሞ ትንሽ ጥፋት ማዘጋጀት ተማረ። «ሰዓት ማክበር ላይ ድክመት አለብኝ» የሚሉት ዓይነት።

ማሙሽ፦ እኛ ጋ ማንንም የሚያስር፣ ከሥራ የሚያባርር የለም። ጨዋታ ነው።

እቴቴ፦ የሚጠፋው እንጀራ አይደለም፣ ልክ ነህ። ለምን ይመጣሉ ታዲያ? ለጓደኝነቱ፣ ለስሙ፣ ለሳቁ ነው የሚመጡት። አንተ ስብሰባው ላይ የምትነካው ያንኑ ነው። ደሞዝተኛ ተሰድቦም ነገ ይመጣል፣ ወር ሊሞላ ነው። እነዚህን የሚይዛቸው ምን አለ?

ማሙሽ፦ እሺ፣ ግልጹ ይቅር። ግን ማንም ሳይጠየቅ ሁሉም ሰው በጓሮ የሚያወራበትም ጥሩ አይደለም። የእኛ ሰው እኮ ለባለቤቱ ብቻ ነው የማይናገረው፤ ለቀረው ሁሉ ይናገራል።

እቴቴ፦ እሱስ ልክ ነህ። ታዲያ ሰብስባቸው፣ ነገር ግን አንድ የሠልጣኝ ጉዳይ አምጣና ስለ እሱ ይከራከሩ። «አንድ ካዴት ቆሞ የነበረ መኪና ሲያመልጠው ዝም ብሎ ቆመ፤ አሠልጣኙ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉታላችሁ?» አንዱ ከሌላው ይሰማል፣ ማንም ወንበር ላይ አልተቀመጠም።

ማሙሽ፦ የተቀዳ ቪዲዮስ? ብዙዎቹ ማያ ገጻቸውን ይቀዳሉ። አሠልጣኙ ያሠለጠነበትን ቁራጭ ቆርጬ «እዚህ ላይ ተመልከት» ብለው?

እቴቴ፦ ቁራጩ ከኮከብ ይሻላል፣ የሆነውን ያሳያልና። ፈቃድ አለህ?

ማሙሽ፦ ሰርቨሩ ሲገቡ ይስማማሉ። ሜሪላንድ ውስጥ የሰው ንግግር ለመቅዳት የሚነጋገሩት ሁሉ መስማማት ስላለባቸው ደንባችን ላይ አስገብተነዋል። ደግሞ ጨዋታው ራሱ 17 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ተብሎ የተመደበ ስለሆነ ልጅ አንቀበልም፤ ዋሽቶ የሚገባ ግን አይጠፋም።

እቴቴ፦ ለሱ ብቻ አሳየው እንጂ ለሌላ አይታይ። አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ፣ ሦስት ቦታ ካሳየኸው አንዱንም አይይዝም። ሌላው ደግሞ «መጀመሪያ አመስግን፣ መሐል ላይ ንቀፍ፣ መጨረሻ አመስግን» የሚባለውን አትሥራበት።

ማሙሽ፦ እሱን አስተምረውናል፣ ሳንድዊች ይባላል።

እቴቴ፦ ሰው ሞኝ አይደለም። ምስጋናው ሲጀመር «ግን» የምትለዋን ይጠብቃል። ሁለት ጊዜ እንደዚያ ካደረግኸው ሦስተኛ ጊዜ ከልብህ ብታመሰግነውም አያምንህም። ምስጋናውን ለብቻው፣ በሌላ ቀን ስጠው።

ማሙሽ፦ ይሄ ሁሉ ግን ሥራ ነው፣ እቴቴ። ከሥልጠና በኋላ ቅጽ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅጽ፣ ቪዲዮ፣ ስብሰባ። እነሱ መጫወት ነው የመጡት። ያሠለጠኑባት እያንዳንዷ ሰዓት ከጨዋታቸው የተቆረጠች ናት። የአሜሪካ ኦንላይንን ታሪክ ታውቂያለሽ?

እቴቴ፦ ምን ታሪክ?

ማሙሽ፦ በ1990ዎቹ የታወቀ የኢንተርኔት ኩባንያ ነበር። የውይይት ክፍሎቹን የሚጠብቁለት በሺህ የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ነበሩት። ሰዓት ይመደብላቸዋል፣ ይሠለጥናሉ፣ ሪፖርት ይሞላሉ፤ በምትኩ አገልግሎቱን በነፃ ወይ በቅናሽ ያገኛሉ። በ1999 ከእነሱ መሐል የነበሩ ሰዎች «እኛ ሠራተኞች ነበርን፣ ይከፈለን» ብለው ከሰሱ። ከዐሥር ዓመት በላይ ተጎትቶ በ2010 በ15 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ።

እቴቴ፦ አሃ! እና አንተም ትከሰሳለህ ብለህ ነው?

ማሙሽ፦ የኛ ሰርቨር ለኪራዩ እንኳ መዋጮ ነው የሚጠይቀው። ያነሣሁት ሌላ ነው። ሰውየው «በፍቅር ነው የምሠራው» ሲል ቆይቶ፣ ሰዓቱና ሪፖርቱ ሲበዛበት «ይሄ ሥራ እኮ ነው» የሚልባት ቀን አለች። እኔ ያችን ቀን ላቅርባት አልፈልግም።

እቴቴ፦ ይሄን ቀድመህ አስበኸዋል፣ ደስ አለኝ። እንግዲያው ቅጹን አንተ ሙላው። ለአሠልጣኙ አንድ ጥያቄ ብቻ ተውለት፤ «ከእኔ ምን ትፈልጋለህ?» የምትል። የሁለት ሳምንቱን አንተ ጠይቅ፣ አንተ አድርስ። ኃላፊ የተባልከው ለዚህ አይደለም? ኮማንደር ለመሆንማ ጨዋታው ይበቃሃል።

ማሙሽ፦ አንድ የሚቀር ምስክር አለ። መኪናውን የሚነዳው።

እቴቴ፦ የቱ?

ማሙሽ፦ ሠልጣኙ የሚያስቆመው ሲቪል። እሱም ተጫዋች ነው፤ ካዴቱ ሲያናግረው፣ አሠልጣኙ ከጎን ሲያቋርጠው የሚያየው እሱ ነው። እስካሁን ማንም ጠይቆት አያውቅም። ሕክምና ትምህርት ቤቶች ውስጥ በሽተኛ መስለው የሚተውኑ ሰዎች አሉ አይደል? በ1963 ሃዋርድ ባሮውስ የሚባል የነርቭ ሐኪም ደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጀመረው። ጤነኛ ሴት የአንዲት ታማሚ ታሪክ ታጠናና ተማሪው ይመረምራታል። ሲጨርስ ከበሽተኛነቷ ትወጣና «እጅህን ሳታስጠነቅቀኝ ሆዴ ላይ አሳረፍክ» ትለዋለች። ከሐኪም መምህሩ የሚሰወር ነገር ለእሷ ይታያታል።

እቴቴ፦ ይሄስ ግሩም ነው። አሠልጣኙ ካዴቱን ከልክ በላይ ሲያቋርጠው ሹፌሩ «የትኛውን ፖሊስ ልስማ?» ብሎ ግራ ሲጋባ ይታወቀዋል። አሠልጣኙ ግን እየረዳው ይመስለዋል።

ማሙሽ፦ በትክክል! አሠልጣኞቼ ላይ የማየው ትልቁ ችግር እሱ ነው፤ ዝም ማለት አይችሉም። ሠልጣኙ ሦስት ሰከንድ ካሰበ መልሱን ይነግሩታል።

እቴቴ፦ ጎበዝ ስለሆኑ ነው። ጎበዝ ሰው የሌላውን ዝምታ አይችልም። አሁን ያልነገርከኝ አንድ ነገር አለ፤ ከጅምሩ ስልክህን እያየህ ነው።

ማሙሽ፦ አንድ አሠልጣኝ አለ። ካዴቶች ሲሳሳቱ የቀዳውን ቪዲዮ ለጓደኞቹ እየላከ ይስቅባቸዋል። ለእሱ አስተያየት እንዴት ልጻፍ እያልኩ ነው። ለስለስ አድርጌ ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፣ አጠፋሁት።

እቴቴ፦ አልሄድ ያለህ አስተያየት ስላልሆነ ነው። ያ ውሳኔ ነው። «ካሁን በኋላ እንዲህ ብታደርግ ብዬ አስባለሁ» እያልክ ውሳኔን አስተያየት አታስመስል፤ ሌሎቹም አስተያየት ስትሰጣቸው «ሊያባርረኝ ነው» ማለት ይጀምራሉ። ደውልለት፣ ከጨዋታ ውጭ፣ በገዛ ድምፅህ። «ይሄን አድርገሃል፣ ከዛሬ ጀምሮ አታሠለጥንም፤ መጫወት ትችላለህ» በለው።

ማሙሽ፦ በጎ ፈቃደኛ ይባረራል? ማክሰኞና ሐሙስን የሚሸፍን ሌላ ሰው የለኝም።

እቴቴ፦ ማክሰኞን ዝጋው።

ማሙሽ፦ ሠልጣኞቹ ይጮኻሉ።

እቴቴ፦ ይጩኹ። የሳቀባቸው ልጆችስ ማክሰኞ አልነበረም የመጡት?

ማሙሽ፦ እሺ፣ ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ። ሐሙስን እኔ ራሴ እይዘዋለሁ። ግን ሲቪል ይጎድለኛል፣ ያቺን የሹፌር ነገር ለመሞከር። አንቺ ትሆኚልኛለሽ?

እቴቴ፦ እኔ? እንግሊዝኛዬስ?

ማሙሽ፦ ሎስ ሳንቶስ ውስጥ እንግሊዝኛ የማይጠራላት አሮጊት የለችም ያለው ማን ነው? መኪና ትነጃለሽ፣ ቀይ መብራት ትጥሻለሽ፣ ካዴቱ ያስቆምሻል።

እቴቴ፦ እኔ ቀይ መብራት አልጥስም።

ማሙሽ፦ አንቺ አይደለሽም እኮ፣ ካራክተርሽ ናት።

እቴቴ፦ እንግዲያው እሷ ትጣሰው። ልጁ ግን ታርጋዬን ሬዲዮ ላይ ሳይናገር ከመኪናው ከወረደ፣ አሠልጣኙ ማን እንደሆነ ጠይቄ ነው የማነሣው።

ማሙሽ፦ አሠልጣኙ እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ።

እቴቴ፦ ሰምቻለሁ።